በአዳማ በጋ ዶሮ ማስታቀፍ፦ ከህዳር እስከ ጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ህዳር 27

ገብስማዋ እቅፍ ይዟታል። ማገዶ ክምሩ ሥር ገብታ አልነሳም ብላለች። እጄን ሳስጠጋ ላባዋን ነፍታ ትቆጣኛለች፤ እንቁላሉን ባነሳባትም ባዶውን መሬት ታቅፋ ትቀመጣለች። ለሚጠራጠር ሰው ሌላው ምልክት ኩሷ ነው። የምታቅፍ ዶሮ በቀን አንዴ ገደማ ነው የምትነሳው፣ ስትነሳም የምትጥለው ትልቅና የሚከረፋ ነው።

ባለቤቴ እቅፉን እናስተዋት ባይ ነው። እንቁላል መጣሏን ትቀጥል ነው ሐሳቡ። ማስተዉ ዘዴው ሞልቷል። አንዱ ቁልቁል ያንጠለጥላታል፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ይነክራታል፣ አንዱ ላባ በአፍንጫዋ ያሳልፍባታል፣ ደህናው ሰው ደግሞ ለጥቂት ቀን ጎረቤት ወስዶ ያሳድራታል። እኔ ግን ጫጩት ነው የምፈልገው። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግም አለ፤ ግን ማሞቂያ ይፈልጋል፣ ማሞቂያው መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ደግሞ የራሱ ፀባይ አለው። ገብስማዋ መብራት ሄደ መጣ አትልም።

የሚያሳስበኝ ድርቀቱ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ በእነሱ በኩል ውሃ እየተነነ ይወጣል፣ መውጣትም አለበት። ውሃው ሲቀንስ ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል፤ ጫጩቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተነፍሰው ከዚያ ኪስ ነው። ደህና የሄደ እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ያህል ያጣል። የሚወጣው ውሃ በጣም ካነሰ ጫጩቷ እዚያው ታፍና ትቀራለች። በጣም ከበዛ ደግሞ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ይደርቅና ሰውነቷ ላይ ይጣበቃል፣ መዞር ያቅታታል።

አዳማ ወደ ሁለተኛው ነው የምታደላው። በጋው ደረቅ፣ ነፋሱ እረፍት የለሽ። ነፋሱን የማያውቅ ሰው ኮረብታው ላይ የቆሙትን ተርባይኖች ይይ፤ መጀመሪያ የተተከሉት 34ቱ ብቻ 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያ ሁሉ ነፋስ የኔን ግቢ አይዘልም። ከፍታውም አለ። ከባህር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ አየር ሲሳሳ ደግሞ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳ ቶሎ ያመልጣል። ስለዚህ ዝም ብሎ "ዶሮዋ ታውቅበታለች" ማለት አልፈልግም። ሙቀቱን ታውቅበታለች። እርጥበቱን ግን ብቻዋን የምትችለው አይመስለኝም።

ታህሳስ 3

መላጣዋም ተከተለች። መላጣ ስል አንገቷ ላባ የሌላት ማለቴ ነው። ሙቀት በመቻል እነዚህ ይሻላሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ እሷ ትጭራለች። የመረጠችው ቦታ ግን ዶሮ ቤቱ ውስጥ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የቲማቲም ሳጥን ነው።

ስለዚህ ሁለት ጎጆ፣ አንዱ መሬት ላይ አንዱ ከመሬት ከፍ ያለ። ማነጻጸር ስለምችል ደስ ብሎኛል። ለጊዜው ሁለቱም ያረጀ እንቁላል ላይ ናቸው፣ እቅፉ እስኪጸና።

የሚታቀፈውን እያጠራቀምኩ ነው። ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንን ቤት ውስጥ እንቁላል ጥብስ የሚጠይቀኝ የለም፣ ሰላም ነው። ሱቅ የሚሸጠው የፈረንጅ እንቁላል ለዚህ አይሆንም፤ እነዚያ ዶሮዎች ያለ አውራ ነው የሚያድሩት፣ ሃያ አንድ ቀን ቢታቀፍ ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። የኔዎቹ አውራ አላቸው፣ ያውም ሥራውን የሚወድ።

አመራረጤ ቀላል ነው። መካከለኛ መጠን፣ ንጹሕ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው። የቆሸሸውን አላጥብም፣ አልወስደውም እንጂ። ቅርፊቱ ላይ ተፈጥሮ የቀባችው መከላከያ አለ፤ ስታጥቢው እሱን አንስተሽ ለተህዋሲያን በር ከፈትሽ ማለት ነው።

አቀማመጡ ነው ያስቸገረኝ። ቀን ቀን ክፍሉ ውስጥ ከ25 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከ20 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ደግሞ ውስጡ ያለው ሽል ሳይታቀፍ ማደግ ይጀምርና ይዳከማል። ፍሪጅም አይሆንም፣ ይበዛበታል። እናም ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ጤፍ አድርጌ እንቁላሎቹን ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች ሰካኋቸው፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩትና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። የሚያደርቀን ነፋስ እዚህ ጋ ጠቀመን፤ ጆንያውን ሲያደርቅ ማሰሮውን ያቀዘቅዘዋል። ማታ ማታ ጆንያውን መልሼ አርሳለሁ።

ጎረቤታችን እማማ መጥተው አዩ። "ሹል ሹሉን አትምረጪ፣ አውራ ብቻ ነው የሚወጣልሽ" አሉኝ። ይሄን ሁሉም ሰው ነው የሚለው። የጫጩት ጾታ ግን ከእናቲቱ በሚመጣው ዘር ነው የሚወሰነው፣ ቅርፊቱ ሾለ ደፈነ ለውጥ የለውም። ሆኖም እኔም በጣም ሹሉን ስለማልወስድ በተግባር ተስማምተናል።

ታህሳስ 8

የጎጆ ሥራ ቀን።

የገብስማዋ ቀላል ነበር። ማገዶው ሥር መሬቱን የእጅ ስፋት ያህል ጎድጎድ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ውሃው እስኪሰርግ ጠብቄ እርጥቡን አፈር መለስኩበት፣ መሃሉን በጡጫዬ ጎርጎድ አድርጌ በላዩ የጤፍ ጭድ አነጠፍኩ። የኛ ሰፈር አፈር ልል ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይለቃል። ከታች የተሰበረ እንስራ ገል ደረደርኩበት፤ ሸክላ ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ይሰጣል። ማጎድጎዱ ለሌላም ይጠቅማል፣ እንቁላሎቹ ወደ መሃል ተሰብስበው ይቀመጣሉ።

የመላጣዋን ሳጥን እንዳለ ተውኩት። ጭዱን ብቻ ቀየርኩ፤ የድሮው ቅማል ነበረበት። ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያስታቅፈው በሳጥን ወይ በቅርጫት ስለሆነ፣ ምንም ሳይነካ ምን ያህል ውሃ እንደሚያጣ በቁጥር ማየት እፈልጋለሁ። ሳምንት ብቻ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ እንደሁኔታው።

የእርጥበት መለኪያም ገዛሁ፣ ትንሽ ዲጂታል። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ደግሞ ይዋሻል። የሚፈተንበት ዘዴ አለ፦ በቡና ሲኒ የገበታ ጨው ታደርጋለህ፣ እስኪላቁጥ ድረስ ብቻ ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርግበታለህ፣ ሲኒውንና መለኪያውን አብረህ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ዘግተህ ታሳድረዋለህ። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። የኔው 71 አለ። አራት እየደመርኩ አነባለሁ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ከነድማሬው 27። በማሽን የሚያስፈለፍሉ ሰዎች እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 60፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 65 እና ከዚያ በላይ ነው የሚይዙት። እርግጥ ዶሮዋ ሆድ ሥር ያለው ከግቢው ይለያል። ስታቅፍ የሆዷ ላባ ይረግፍና ቆዳዋ ራሱ እንቁላሉን ይነካል፣ ቆዳው ደግሞ ሞቃትና ወዛም ነው። ቢሆንም በላይ በኩል ሆዷ ሲሸፍን፣ በታች በኩል የሚሸፍነው ጎጆው ነው።

ታህሳስ 10፣ ማታ

አስታቀፍኩ። ለገብስማዋ 11፣ ለመላጣዋ 9። እማማ "ጎዶሎ ይሁን" ስላሉ ብቻ ሳይሆን ገላቸውን አይቼ ነው፤ መላጣዋ ትንሽ ናት። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ዳር የሚተርፍ እንቁላል ከሚኖር ቁጥሩ ቢያንስ ይሻላል።

እማማ አንድ ምስማር ይዘው መጥተው ነበር፣ ጎጆው ውስጥ እንዲገባ፣ ለነጎድጓድ። "እማማ፣ በታህሳስ ነጎድጓድ ከየት ይመጣል?" ብላቸው "አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሰማይ አይታመንም" አሉ። ምስማሩን ከጭዱ ሥር ከተትኩት። ምን ይጎዳል።

ሁሉም እንቁላል ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። ሌሎቹ ዶሮዎች አጋጣሚ ካገኙ እላዩ ላይ ይጥሉበታል፤ ምልክት ከሌለው የትኛው የመቼ እንደሆነ ይጠፋል። እስክርቢቶ አልተጠቀምኩም። ከየጎጆው ሦስት ሦስት እንቁላል በወርቅ ሚዛን መዘንኩ። አማካዩ የገብስማዋ 42.3 ግራም፣ የመላጣዋ 41.8።

ታህሳስ 13

ሥራው አሁን መተው ነው። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በቆሎና ስንዴ፣ እንዲሁም ቀዝቃዛ ውሃ ከጎጆው ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ዱቄት መኖ አልሰጥም፤ ጥራጥሬው ሆዷን ይዞ ያቆይላታል። ውሃው ጥላ ሥር መሆን አለበት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያገኘው ጣሳ የሻይ ውሃ ነው የሚሆነው። ገብስማዋ ወጥታ በልታ፣ ጠጥታ፣ አመድ ውስጥ ተንደባልላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትመለሳለች። መላጣዋ ትቆያለች። ወሬኛ ናት፣ አጥሩ ጋ ሄዳ ታያለች። ደርቃ ብትቀር ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ አይደለም።

ገብስማዋ ስትነሳ በጎጆው ዙሪያ ያለውን መሬት በጆግ ውሃ አርሳለሁ። ጭዱን አልነካም።

ታህሳስ 17

ሰባተኛ ቀን። ማታ በስልክ ባትሪ አየሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልኩን ገልብጠሽ፣ መብራቱ ላይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን አድርገሽ፣ የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ነው። ነፍስ ያለው ከሆነ ከአንድ ጥቁር ነጥብ ዙሪያውን የሚበተኑ ቀያይ ክሮች ይታያሉ፣ ዝም ብለሽ ካየሽ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ሁሉ ትደርሺበታለሽ። የማሙሽ አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ የእህቴ ልጅ ነው፣ ከዚህ በኋላ በየማታው እንይ እያለ ሊያስቸግረኝ ነው።

ከገብስማዋ አንድ ባዶ ወጣ፣ ጥርት ብሎ የሚያበራ። ከመላጣዋ አንድ ባዶ፣ አንድ ደግሞ ውስጡ ቀይ ቀለበት ብቻ። ቀለበቱ ጀምሮ የሞተ ማለት ነው። ሦስቱንም አወጣሁ፣ ከቆዩ ይገማሉ፣ ከፈነዱ ደግሞ ሌላውን ይበክላሉ።

ዋናው ነገር ሚዛኑ ነው። የገብስማዋ ከ42.3 ወደ 40.2 ወርዷል፣ አምስት በመቶ ገደማ። ልክ ነው፣ በዚህ ከሄደ 18ኛው ቀን ላይ አሥራ ሦስት በመቶ አካባቢ ይደርሳል። የመላጣዋ ከ41.8 ወደ 38.8። ሦስት ግራም! ሰባት በመቶ ከፍ ያለ። እንዲህ ከቀጠለ አሥራ ስምንት በመቶ አልፎ ይሄዳል። የአየር ኪሱም በብርሃን ይታያል፤ ዳርቻውን በእርሳስ አሰመርኩት፣ ከገብስማዋ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱን ማሙሽም ለይቶታል።

ሳጥኑን ሳነሳው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። የቲማቲም ሳጥን ወለሉ ተለያይቶ የተመታ ጣውላ ነው፣ ቲማቲሙ እንዲተነፍስ ተብሎ የተሠራ። ነፋሱ በዶሮ ቤቱ በር ሥር ይገባና በጣውላው መሃል ወደ ላይ ይነፍሳል፣ ጭዱን ያደርቃል፣ ከዚያ እንቁላሉን። ዶሮዋ ከላይ ከምትሰጠው እኩል ከታች እየወሰደባት ነው።

እማማ ሚዛኑን ሲያዩ ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ዶሮ ድሮም በሚዛን አልፈለፈለችም።" እውነት ነው። ግን በእሳቸው አገር ዶሮዋ የምትታቀፈው ጭቃ ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ውሃ እንስራው አጠገብ ነበር። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። የቲማቲም ሳጥን በኋላ የመጣ ነው።

ታህሳስ 18

ሳጥኑን አስተካከልኩ። ማታ መላጣዋን ከነእንቁላሎቿ ለጊዜው ቅርጫት ላይ አድርጌ፣ የሳጥኑን ወለል በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩ፣ በላዩ አራት ጣት ያህል እርጥብ አፈር ጠቅጥቄ ጨመርኩ። ጭቃ እንዳይሆን፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲጨመቅ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ። ከዚያ አዲስ ጭድ። ሳጥኑን ከመደርደሪያው አውርጄ መሬት ላይ አደረግኩት፣ በነፋሱ በኩል ጆንያ ሰቀልኩ። በአንድ ጥግ የተቆረጠ የሃይላንድ አንገት አፈሩ ውስጥ ቀብሬያለሁ፤ በዚያ በኩል ውሃ ሳፈስ እሷን ሳላስነሳ ከታች ይርሳል። ይሄኛው የማሙሽ ሐሳብ ነው።

ቦታዋ ዝቅ ስላለ ትታ ትነሳለች ብዬ ነበር። ዞር ዞር ብላ እንቁላሎቹን በምንቃሯ ወደ ሥሯ ስባ ተቀመጠች።

እማማ ለብ ያለ ውሃ እንቁላሉ ላይ እርጪበት ይላሉ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኔ አልተቀበልኩትም። በዚህ ነፋስ ቅርፊቱ ላይ የተረጨ ውሃ ደቂቃም አይቆይ፣ ሲተን ደግሞ እንቁላሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያም በላይ የጎጆውን ቆሻሻ ወደ ቀዳዳዎቹ ያስገባል። ከታች የሚመጣ እርጥበት ቀስ ያለና ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ነው።

ታህሳስ 21

ጉንዳን። ግቢው ሁሉ ደርቆ እርጥብ ቦታ ያለው እዚህ ብቻ ስለሆነ መምጣታቸው አይገርምም። ለእንቁላሉ አሁን ምንም አይሆኑም፤ የሚያስፈሩት ጫጩት ቅርፊቱን ስትሰብር ነው፣ በዚያች ቀዳዳ ይገባሉ። መድኃኒት መርጨት ዶሮዋ ላይ አይታሰብም። እማማ የነገሩኝን አደረግኩ፣ በሁለቱም ጎጆ ዙሪያ የምድጃ አመድ ወፍራም ቀለበት። ደረቅ እስከሆነ ድረስ አይሻገሩትም። ውሃ ሳፈስ ግን አመዱን ስለማርሰው በየጊዜው መድገም አለብኝ። እዚህ ላይ እማማ ሚዛኔን አሸንፈዋል።

ታህሳስ 24

የገብስማዋ እስካሁን አሥር በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የመላጣዋ አሥራ አንድ ከፍ ብሏል፣ ግን በዚህ ሳምንት ያጣው 1.7 ግራም ብቻ ነው፤ ባለፈው ሦስት ነበር። አፈሩ ሠርቷል። የወጣውን ውሃ መመለስ አይቻልም፣ ፍጥነቱን መያዝ ግን ተችሏል። በብርሃን ሲታይ ሁሉም ጨልመዋል፣ ከኪሱ ሥር ጥቁር ነገር ይገላበጣል።

ታህሳስ 28

የገና ዋዜማ፣ 18ኛ ቀን። ቤት ውስጥ የሚታረደው ማን ይሁን የሚለው ክርክር እኔ ባልጠበቅኩት መንገድ አለቀ፤ ገበያ የዶሮ ዋጋ ሰምቶ የመጣው ባለቤቴ አውራውን አየው። የሚቀጥለውን እንቁላል ማን ሊያስረግዝልኝ ነው ብዬ ተሟገትኩ። በመጨረሻ አንዲት እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ ሄደች። ወጡ ውስጥ አሮጊት መሆኗ ታውቋል።

የመጨረሻ ምዘና፦ የገብስማዋ 12.5 በመቶ፣ የመላጣዋ 13.2። ከዚህ በኋላ እንቁላል አይነሳም፣ አይገለበጥም፣ ባትሪ የለም። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ወደ ኪሱ አዙረው ቦታ የሚይዙበት ጊዜ ነው። መሬቱን አሁን ጠዋትና ማታ ነው የማረሰው፣ ለመውጫቸው ከበፊቱ የበለጠ እርጥበት ያስፈልጋል። አመዱም ታድሷል። እንግዳ ስለሚበዛ ዶሮ ቤቱን ቆለፍኩት፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ማሙሽ አኩርፏል።

ታህሳስ 30

ጠዋት ጆሮዬን ሳስጠጋ ከገብስማዋ ሥር ጭው ጭው የሚል ድምፅ። ገና ቅርፊቱ አልተሰበረም፤ የአየር ኪሱን በስተው መተንፈስ ጀምረዋል ማለት ነው። እሷም ትመልስላቸዋለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሌላ ጊዜ በማታሰማው። መላጣዋ እንኳን ዛሬ አጥሩ ጋ አልሄደችም።

ጥር 1

ገብስማዋ ጋ ሌሊቱን ወጥተዋል። በማለዳ ከክንፏ ሥር የደረቁና ገና የረጠቡ ራሶች ይታያሉ። ቁጥራቸውን ለማየት አላነሳኋትም።

መላጣዋ ጋ ቀርፈፍ ይላል። እስከ ረፋዱ አራት ወጡ። አንዱ እንቁላል ግን ትናንት ማታ ተበስቶ እስከዛሬ ከሰዓት እዚያው ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መውጣት ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ ችኮላ አያስፈልግም፤ ሲቸኩሉ ገና ያልተመጠጠ ደም አለ፣ ይፈሳል፣ ጫጩቷ ትሞታለች። ጠበቅኩ። አመሻሹ ላይ አየሁት። ቀዳዳው የበቆሎ ፍሬ ያህላል፣ ምንቃሯ ይታያል፣ ጫፏ ላይ ያለችው ቅርፊት መስበሪያ ነጭ ነጥብ ሳትቀር። በቀዳዳው ዳር ያለው ሽፋን ነጭና እርጥብ መሆን ሲገባው ቢጫ ሆኗል፣ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ላባዋ ላይ ተለጥፏል። ትተነፍሳለች፣ ትጮሃለች፣ ግን አትዞርም። ዙሪያውን ለመቁረጥ መዞር አለባት።

በንጹሕ ጨርቅ ለብ ያለ ውሃ ነክሬ የሽፋኑን ዳር ብቻ አራስኩ፣ አፍንጫዋ ጋ እንዳይደርስ እየተጠነቀቅኩ። ሲለሰልስ ከቅርፊቱ ቆራርሼ አነሳሁ፣ የደም ሥር ባየሁ ቁጥር ቆምኩ፣ ግማሹን ስጨርስ መልሼ ከእናቷ ሥር አስገባኋት። እንቁላሉ ላይ ውሃ አይረጭም ያልኩት አሁንም ይጸናል፤ ይሄ የተጣበቀን ማላቀቅ ነው፣ ሌላ ሥራ ነው። ከእራት በኋላ ሳይ ወጥታለች። ረጥባ፣ ደክማ፣ ጀርባዋ ላይ የቅርፊት ቁራጭ እንደተለጠፈ።

ጥር 2

ቁጥር። ገብስማዋ ከአሥሩ ዘጠኝ። መላጣዋ ከሰባቱ ስድስት፣ አንዷ የታገዘችው ናት።

ያልተፈለፈሉትን ሁለቱን ከፈትኳቸው። ደስ የሚል ሥራ አይደለም ግን ሳይከፍቱ መገመት ዋጋ የለውም። የመላጣዋ ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ጫጩቷ ሙሉ ናት፣ ኪሱን እንኳ አልበሳችም። የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ነው። የገብስማዋ ግን ድርቀት አይደለም፤ ራሷ በሹሉ ጫፍ በኩል ነበር፣ ተገልብጣ ነው ያደገችው። ያለቦታዋ የተቀመጠች ጫጩት በየትም ትኖራለች፣ ሁሉንም በነፋስ ማሳበብ አይገባም።

ዛሬ ምግብ አልሰጠሁም። የእንቁላሉ አስኳል ሆዳቸው ውስጥ ገብቷል፣ ለሁለት ቀን ይበቃቸዋል። ውሃ ግን ወዲያው፣ በጥልቀት የሌለው ሰሃን፣ ጠጠር ተደርጎበት። ጠጠር ከሌለው ይሰምጣሉ። ነገ የጫጩት መኖ ይጀምራሉ፣ በዚያ ላይ የተፈጨ ስንዴና የተቀቀለ እንቁላል በትንሹ።

ጥር 8

የፈንግል ክትባት። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው፤ የጫጩቱ ኤችቢ ዋን ይባላል፣ በዓይን አንድ ጠብታ ነው። ችግሩ አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ መሆኑ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሁለት ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት። እኔ 15 ጫጩት ነው ያለኝ። ስለዚህ ጎረቤቶችን ሰበሰብኩ፣ ሁሉም ጫጩቱን በካርቶን ይዞ መጣ፣ ፔርሙዝ በበረዶ ሞልተን ከክሊኒኩ አመጣነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ክትባቱን በኪስ ይዞ መምጣት ውሃ መከተብ ነው። እማማ ሦስት ጫጩት ይዘው መጥተው፣ የትኞቹ አውሮች እንደሚሆኑ በዚያው ለሁሉም ሰው ነገሩት።

ጥር 12

የጥምቀት ግርግር አለፈ። አንድ ጫጩት ጭልፊት ወሰደብን፣ ከገብስማዋ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ዶሮዎቹን በትልልቅ ቅርጫት ከድኛለሁ፤ ጫጩቶቹ በቅርጫቱ ቀዳዳ ይወጣሉ ይገባሉ፣ እናቶቹ ሲጠሯቸው ይሰበሰባሉ። የታገዘችው ከሌሎቹ አንሳ ነበር፣ አሁን እየደረሰችባቸው ነው፤ የግራ እግሯ ጣት ግን ጎበጥ ብሏል፣ ስትሮጥ ይታወቃል።

ቲማቲም ሳጥኑን ለማሙሽ የመጫወቻ ጋሪ ሰጥቼዋለሁ። በመጋቢት ሌላ ዶሮ ካቀፈች ሁለቱም ጎጆ መሬት ላይ ነው፣ ያኔ ሙቀቱ ስለሚብስ ከቤቱ በስተሰሜን፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ገሉ ሁለት ድርብ ሆኖ። ገሉን ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ የተሰበረ እንስራ ያለው ጎረቤት እንዳይጥል ተናግሬያለሁ።